ደጅ ላይ የታሰረችው ላም

ያየሁትን እጽፋለሁ፣ የሰማሁትን አልጽፍም። ወረታ ስመደብ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ይህ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ የሚባል ነገር ገና ለሰው ጆሮ እንግዳ ነበር። አንዳንዱ ክትባት የምወጋ ይመስለዋል፣ አንዳንዱ ግብር ላስከፍል የመጣሁ። ሥራዬ ግን ችግር ላይ የወደቁ ቤተሰቦችን ቤት ለቤት እየዞሩ ማየት፣ ያላቸውንና የጎደላቸውን መመዝገብ፣ ከዚያም እየተመላለሱ መከታተል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሬያለሁ፤ ቁጡ ነኝ፤ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር። አስተማሪዎቻችን "ሰው ርዳታ ሲያይ ችግሩን ያጋንናል፤ ዓይናችሁን እመኑ" ብለውናል። እኔም ዓይኔን አመንኩ።

በዚያ ክረምት የርብ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ተኛ። አገሩ ጎርፍ የለመደ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ በተረፈው እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ያን ዓመት ግን ውሃው እንግድነቱን አበዛ። ጤፉ ማሳው ላይ በሰበሰ፣ ጎታ ውስጥ የነበረውም እህል ረጥቦ አቆጠቆጠ። ለዘር የሚሆን ፍሬ የተረፈው ቤት ጥቂት ነበር። መሥሪያ ቤታችን የዘር ሽምብራ አስመጣ፣ በሬ ለሌለውም በተራ የሚያርስበት ጥማድ አዘጋጀ። ዘሩ ለሁሉም አይበቃም። ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እኔ በእርሳስ የምሞላው መዝገብ ነው። ጥቅምት ከተጋመሰ ወዲያ ደግሞ ጭቃው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ እስከዚያ ያልተዘራ መሬት ለዓመቱ አለቀለት።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ከወረታ ወደ ሐይቁ በኩል አንድ መንደር ገባሁ። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ባሏ በክረምቱ መግቢያ በንዳድ የሞተባት ሴት ቤት ነው። ሦስት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ሴት ናት፣ አሥር ዓመት ይሆናታል። ችግር አያለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ደጁ ተጠርጎ፣ መደቡ በአዲስ እበት ተለቅልቆ አገኘሁት። በሩ አጠገብ ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ ቡሬ ላም ታስራለች፤ ጡቷ ትልቅ፣ ጎኗ የሞላ፣ የፎገራ ላም ተብሎ የሚወራላት ዓይነት።

"ይግቡ እመቤቴ፣ ይግቡ። ቤት የእንግዳ ነው" አለች ሴትዮዋ። አነጋገሯ ረጋ ያለ ነው፤ እጇ ግን የነጠላዋን ጫፍ ሲጠቀልልና ሲፈታ አየሁ።

ወተት በዋንጫ ቀረበልኝ። ትልቋ ልጅ ምሰሶው ተደግፋ ዋንጫውን ከከንፈሬ ወደ መደቡ፣ ከመደቡ ወደ ከንፈሬ በዓይኗ ትከተለዋለች። ስድ ልጅ ናት አልኩ በልቤ። ጎታውን አየሁት፤ አፉ ድረስ ጤፍ ነው። እጄን አልከተትኩም። አንድም ነገር አልጠየቅኩም፤ ሰው የሚናገረውን አልጽፍማ! "ላም፣ አላት። እህል፣ አላት" ብዬ ጻፍኩ።

ላሟ ግን ረፍት አልሰጠችንም። አንገቷን ወደ ጎረቤት አጥር አዙራ፣ ገመዱን እየወጠረች እምቧ ትላለች። ከአጥሩ ማዶ የሆነ ጥጃ ይመልስላታል። ስወጣ ቆም አልኩና፣ ከብት አርቢ እንደሆነ ሰው፣ "ምነው ሳር ብትሰጫት? ርቧት እኮ ነው የምትጮኸው" አልኳት።

"እሺ እመቤቴ፣ አሁን እሰጣታለሁ" አለች አቀርቅራ።

ቀጥዬ አጥር የሚጋሩት ጎረቤቷ ዘንድ ገባሁ። በእድሜ እናቴን የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ባላቸው ጋር ለብቻቸው ይኖራሉ። ደጃቸው ላይ ከብት የለም፣ ጎታቸውም ባዶ ነው። ጥጃ ሲጮህ ከጓሮ ሰምቻለሁ፤ ዞሬ ግን አላየሁም። "ያየሽውን ጻፊ ልጄ" አሉኝ። እንደ ሕጌ የሆነ አባባል ስለነበር ደስ አለኝ። "ላም፣ የላትም። እህል፣ የላትም" ብዬ መዝገቤን ዘጋሁ።

በደንባችን መሠረት የተረጂዎች ስም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ይነበባል። ቅሬታ ያለው በሳምንቱ ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታከልም የሚቀነስም የለም። በመጀመሪያው እሑድ ሳነብ የጎረቤቲቱ ስም ወጣ፣ የሴትዮዋ ግን አልወጣም። አንገቷን ትደፋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እፎይ ስትል አየኋት። ገረመኝ። ኩሩ ሴት ናት፣ ምጽዋት አትወድም አልኩና አደነቅኳት።

በሳምንቱ መካከል በዚያው መንደር ሳልፍ ያቺን ጆሮ ቆራጣ ላም አገኘኋት፤ በጎረቤቲቱ ጓሮ። ሴት ጥጃዋ ከሥሯ ገብታ ትጠባለች። ያን ቀን እንደዚያ አገር ይያዝልኝ ስትል የነበረች ላም ዛሬ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅ የሚባል የለም፣ ታመሰኳለች። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ላሟ ያን ቀን ሳር አልነበረም የጠራችው።

"አዎን፣ የኔ ናት" አሉ ጎረቤቲቱ፣ ሳልጠይቃቸው። "ለዚያ ማለዳ ወሰደቻት። ጤፉም የእህቷ ነው፤ ከላይ አፉ ላይ የነሰነሰችው። ከሥሩ ገለባ ነበር።"

"ለምን? ባዶ ቤት ለማየት እኮ ነው የመጣሁት!"

"እሱን እሷን ጠይቂያት። እኔ የሰው ገመና አልገልጥም።"

እየተንጨረጨርኩ አጥሩን ዞሬ ገባሁ። ሴትዮዋ ልጆቿን ሰብስባ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ጎታው ውስጥ እጄን ከተትኩ፤ ጣቶቼ ወለሉን ነኩ።

"ዋሸሽኝ!" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "መቼ ጠየቁኝ?" አለች። "ላሟ የኔ ናት አላልኩም። ጎታዬ ሙሉ ነው አላልኩም። አንድ ቃል ቢጠይቁኝ እኮ ሁሉንም እናገር ነበር። እርስዎ ዝም ብለው ጻፉ።"

ንዴቴ ወደ ራሴ ሲዞር የሚይዘውን አጣና መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጥታ ነገሩን ነገረችኝ።

ዋርሳዋ፣ ማለት የሟች ባሏ ወንድም፣ ትልቋን ልጅ ለአንድ የይፋግ ሰው ልጅ ሊድር ቃል ሰጥቷል። ሠርጉ በጥር ነው፤ ልጅቱ ከሠርጉ በኋላ አማቶቿ ቤት ገብታ እዚያ ታድጋለች። እናቲቱ እምቢ ብላለች። ዋርሳዋም "ማሳደግ ከቻልሽ አሳድጊ፤ ካልቻልሽ ግን የወንድሜን ልጅ በረሃብ አላስጨርስም" ብሏት በሽማግሌ ፊት ተቀጥረዋል። የእኔን መምጣት በሰማ ጊዜ ደግሞ "ያቺ የመንግሥት ሴት የምትጽፈው ልጅ ማሳደግ ያቃተውን ነው። ስምሽ ከወጣ በመንግሥት ተመሰከረብሽ ማለት ነው" አላት። እሱ ራሱ አምኖበት ይሁን ሊያስፈራራት ዛሬም አላውቅም። እሷ ግን አመነች። ላም ተውሳ፣ ጎታ ሞልታ፣ ልጆቿ ከቀመሱት የሰነበቱትን ወተት ለእኔ ቀዳች።

"ስሜ ሳይጠራ ሲቀር፣ ልጄ ተረፈችልኝ አልኩ" አለች።

"ዘሩስ? ምን ትዘሪያለሽ?"

የያዘችውን ጎመን አስቀመጠች። ያኔ ሁለታችንም ነገሩን እኩል አየነው። ዘር ካላገኘች መሬቷ ጦም ያድራል፤ ጦም ካደረ ዋርሳዋ ጥር ሳይደርስ በሽማግሌ ፊት ይረታታል። በተዋሰችው ላም ልጇን ያስቀረች መስሏት በገዛ እጇ ልትሰጥ ነው። ጽሑፉ ደግሞ የእኔ ነው።

በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ቀረብኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ የሚወዱ፣ ጢማቸውን ሲያሻሹ የሚያስቡ ሰው ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ "ጎረቤቲቱም ይቆዩ፣ እሷም ትጨመር" አልኩ።

"የመጣው ዘር ተደልድሏል። አንድ ለማስገባት አንድ ይወጣል" አሉ። "ደግሞስ የፈረምሽበትን? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?"

"እዚህ እኮ በእውነት የወለዱት ሊጠፋ ነው!" ብዬ ጮኽኩባቸው። አለቃ ላይ የጮኽኩት የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም አልነበረም።

ጢማቸውን አሻሹ። "ስሚኝ። ላሟን ተውሳ ነበር ካልሽ፣ ያታለለ ይሰረዛል ይላል ደንቡ፤ ያዋሰችም አብራ ትሰረዛለች። ስህተቱ የጸሐፊዋ ከሆነ ግን ይታረማል። በሕዝብ ፊት ራስሽ ትናገሪያለሽ። በፋይልሽም ይገባል።" ቀና ብለው አዩኝ። "እና፣ ስህተቱ የማን ነው?"

"የኔ ነው" አልኩ።

የኔ መሆኑ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ግን ሴትዮዋ እንድትገባ የምትወጣው ማን እንደሆነች ነበር። ቤት ተሳሳትኩ ብዬ የአንዷን ለሌላዋ ካዞርኩት፣ ያቺን ላም ለጎረቤት ገመና መሸፈኛ ያዋሱት ሴት ዘራቸውን ያጣሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነገርኳቸው። ባላቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ጣታቸው ቆመ።

"ስሜ ሲነበብ ደስ አለኝ" አሉ ጎረቤቲቱ። "ሐሰት ምን ያደርግልኛል፤ ደስ አለኝ። ላም አለኝ ብዬ ልነሣ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። እኛስ ምን አለን ልጄ? እሷው ናት ያለችን።"

"አውቃለሁ እማማ።"

"አታውቂም" አሉኝ። "በይ ሂጂ፣ ነገ እሑድ ነው።"

እሺም እምቢም አላሉኝም። መንገዱን ሙሉ፣ ነገ ተነሥተው "ላም የለኝም" ቢሉስ እያልኩ ሄድኩ። አንድ ቃል ይበቃል። እሳቸው ላም የለኝም ካሉ ላሟ የሴትዮዋ ሆነች ማለት ነው፤ ሴትዮዋ የኔ አይደለችም ካለች ደግሞ ጉዱ ሁሉ ይወጣል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም።

እሑድ ደጀ ሰላሙ ጢም ብሎ ሞላ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን። የሴትዮዋ የንስሐ አባት የሆኑት ሽማግሌ ቄስ ጭራቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አለቃዬ አጠገባቸው። ዋርሳዋ ከፊት ቆሟል፤ ቀጠን ያለ፣ ጎርፉ የእሱንም ማሳ የበላበት ሰው ነው። ሴትዮዋ ትልቋን ልጅ ከፊቷ አቁማ በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛታለች። መዝገቡን ገለጥኩ፤ ፊደሉ ዓይኔ ላይ ተቀላቀለ።

"ቤት ተሳስቻለሁ" አልኩ። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ቀጠነ። "አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ነበሩ። የዚያኛውን ለዚህኛው፣ የዚህኛውን ለዚያኛው ጽፌያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ከወንዶቹ ወገን አንዱ "ከተሜ ምን ታድርግ! ጎጆ ሁሉ አንድ ነው የሚመስላት!" አለ። ሳቁ እንደ ሽምብራ ቆሎ ተንጣጣ። ፊቴ ነደደ። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ ስል የኖርኩ ሰው፣ ያላየሁትን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተናግሬ መሳቂያ ሆንኩ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሳቁ አልነበረም። የዚያ አገር ሰው ከብት አይስትም፤ ያቺ ጆሮ ቆራጣ የማን እንደሆነች፣ ያን ማለዳ የት ታስራ እንደዋለች ግማሹ ሕዝብ ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ አፉን ቢከፍት አለቀልን።

ቄሱ ጭራቸውን አነሡ፤ ሳቁ ቆመ። ወደ ሴቶቹ ወገን ዞሩ። "አንቺ፣ ላሟ የማን ናት?" አሉ ጎረቤቲቱን።

ጎረቤቲቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አንድ ጊዜ ወደ ባላቸው አዩ፤ ባላቸው ግን ከሩቅ አያዩም። ያችን ልጅ ደግሞ አዩዋት። መዝገቡን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"የኔ ናት አባቴ" አሉ። "ጸሐፊዋ ልጅ ቤት ተሳስታ ነው።"

ዋርሳዋ ወዲያው አንድ እርምጃ ወጣ። "እንግዲያስ የወንድሜ ቤት ባዶ ነው ማለት ነው! አባቴ፣ በሕዝብ ፊት ተመስክሯል። ልጅቱ ይፋግ ብትገባ ትጠግባለች። እኔ ክፉ ፈልጌ ነው? ወንድሜ ሲሞት አደራ ብሎኛል።" ድምፁ ተሰበረ፤ የእውነቱን ነበር። ሴትዮዋ የልጇን ትከሻ ይበልጥ ስትጨምቅ ልጅቱ ፊቷን አጨማደደች፣ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ቄሱ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። እኔ ደግሞ እግዚኦ ማለት ጀመርኩ፤ ጸሎት ከተውኩ ሰንብቼ ነበር።

"ባዶ ነበር" አሉ ቄሱ። "ከዛሬ ጀምሮ ግን ዘር አለው፣ የሚያርስበት በሬም አለው። ዘር የገባበት ቤት ባዶ አይባልም። ሽምብራው እስኪነቀል ድረስ ከዚያ ቤት ልጅ የሚያወጣ ሰው ቢኖር ገዝቻለሁ። ሰምተሃል? ገዝቼሃለሁ።"

ከካህን ግዝት የሚሻገር ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ዋርሳዋ ጥቂት ቆሞ ጎንበስ ብሎ የቄሱን ጉልበት ሳመና ሕዝቡ ውስጥ ገባ። ሽምብራ የሚነቀለው ከጥር በኋላ ነው፤ የሠርጉ ወር ያለ እሷ ሊያልፍ ነው። ሴትዮዋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ልጅቱ ያመማትን ትከሻ ማሻሸት ጀመረች። የጎረቤቲቱን ስም ሰርዤ የእሷን በላዩ ጻፍኩ፤ እርሳሱ ወረቀቱን ቀደደው።

ጥቅምት ሳይጋመስ የሴትዮዋ ማሳ ተዘራ። አጠገቡ ያለው የጎረቤቲቱ መሬት ግን ጥቁር ሆኖ ይጠብቃል። እኔ ሳልፍ ዓይኔን ወደ ሌላ እመልስ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማለዳ ከወረታ ወጥቼ ወደ ርብ ድልድይ ስሄድ፣ የይፋግ ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል። ድምፁን የሰማሁት ከማየቴ በፊት ነው። ጆሮ ቆራጣዋ ላም አንገቷን ወደ ኋላ፣ ወደ ሜዳው አዙራ፣ ገመዱን እየወጠረች እምቧ ትላለች። ከፊት የሚጎትቷት ጎረቤቲቱ ናቸው። ምን እንደምትል የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም።

"እማማ…" አልኩ።

እሳቸው ቆሙ፤ ላብ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። "ምነው፣ ዛሬስ ሳር ስጫት አትይኝም?" አሉኝ። ነገሩን ሰምተውታል ማለት ነው። ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን እዚያው መንገድ ላይ እንባዬ መጣ።

"ሴትዮዋ ዘሩን አልሰጠችዎትም?"

"ግማሹን ተሸክማ መጥታ ነበር፤ መለስኩላት። ያነሰ ከዘራች ያ ሰው ይመለሳል። እኔ ይህችን ሸጬ ዘር እገዛለሁ፤ ገና ሰባት ቀን እርጥበት አለ። ጥጃዋ ሴት ስለሆነች አስቀርቻታለሁ፤ ጡት ለመጣል ደርሳለች።"

"ማን ይዟት ቀረ?"

"ያቺ ልጅ ናት የያዘቻት። አንገቷን አቅፋት ስታለቅስ ትቻቸው መጣሁ፤ ጥጃዋም ትጮሃለች፣ እሷም ትጮሃለች። እናቷ ናት ስታባብላቸው የቀረችው።" ገመዱን ጎተት አደረጉ። "በይ ልሂድ፣ ፀሐይ ሳይከር።"

ላሟ መጀመሪያ እምቢ አለች። ከዚያ ተጎተተች። ድልድዩን ተሻግረው ከሰው ጋር እስኪቀላቀሉ ድረስ፣ ወደ ኋላ እየዞረች ስትጣራ ይሰማኝ ነበር።